ቡድኑ ሲንገዳገድ መቼ ነው መደንገጥ ያለብን? የኮሌጅ ፉትቦል የመጀመሪያ ሳምንታት አነባበብ

በ2024 የውድድር ዘመን መባቻ ላይ የሁለት ስመ ጥር የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች ደጋፊዎቻቸውን ክፉኛ አስደነገጡ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፍሎሪዳ ስቴት ከአገሪቱ 10ኛ የሚል ግምት ተሰጥቶት ወደ ውድድሩ ቢገባም ኦገስት 24 ደብሊን፣ አየርላንድ ላይ በጆርጂያ ቴክ 24 ለ 21 ተሸነፈ። ሴፕቴምበር 2 በገዛ ሜዳው ቦስተን ኮሌጅ 28 ለ 13 ረታው። ሴፕቴምበር 14 ደግሞ ከታላላቆቹ ሊጎች ውጭ የሚጫወተው ሜምፊስ እዚያው ሜዳው ላይ 20 ለ 12 አሸነፈው። ኖተር ዳም በበኩሉ 5ኛ ደረጃ ላይ ሳለ ሴፕቴምበር 7 በደጋፊዎቹ ፊት በኖርዘርን ኢሊኖይ 16 ለ 14 ወደቀ። የውርርድ ቤቶች ኖተር ዳም በ28 ነጥብ ያህል ያሸንፋል ብለው ገምተው ነበር።

በዚያ ሰሞን የሁለቱም ደጋፊዎች ጭንቀት አንድ ዓይነት ነበር። አሰልጣኙ ይነሳ፣ ጥቃቱን የሚመራው ተጫዋች (ኳርተርባኩ) ይቀየር፣ ዓመቱ አለቀ ይባል ነበር። የተከተለው ግን የሰማይና የምድር ያህል ተለያየ። ኖተር ዳም ከዚያ ቀን በኋላ በመደበኛው ወቅት አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ እስከ ዋንጫው ፍጻሜ ተጓዘ፤ በኦሃዮ ስቴት 34 ለ 23 የተረታው ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ነው። ፍሎሪዳ ስቴት ዓመቱን በ2 ድልና በ10 ሽንፈት ጨረሰ። ኖቬምበር 9 ሁለቱ እርስ በርስ ሲገናኙ ኖተር ዳም 52 ለ 3 አሸነፈ።

ይህ ልዩነት ሴፕቴምበር ላይ ሊታይ ይችል ነበር? በከፊል አዎ። የሚታየው ግን በውጤት ሰሌዳው ላይ አይደለም፤ ሽንፈቱ ከየትኛው የቡድኑ ክፍል እንደመጣ፣ በየሳምንቱ የሚደጋገም መሆን አለመሆኑን፣ ያ ክፍል ደግሞ ገና የሚያድግ ነው ወይስ አድጎ የጨረሰ የሚለውን በማየት ነው።

ጨዋታው በአጭሩ

ፉትቦልን ለማያዘወትር አንባቢ ጥቂት ነገር ይበቃል። ሜዳው 100 ያርድ ይረዝማል፤ ወደ 91 ሜትር ነው። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳስ የያዘው ቡድን 10 ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ አለው። ከገፋ አራት ሙከራ እንደገና ይሰጠዋል፤ ካልገፋ ኳሱ ለተጋጣሚው ያልፋል። ኳሱን እስከ ሜዳው ጫፍ ያደረሰ ታችዳውን አገባ ይባላል፤ 6 ነጥብ ነው፣ ተከትሎ የሚመታው ምት ሲሳካ 7 ይሆናል። ኳሱን በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መካከል ማሳለፍ፣ ማለትም ፊልድ ጎል፣ 3 ነጥብ ያስገኛል። ጥቃቱን የሚመራው ኳርተርባክ ነው። ከፊቱ የሚቆሙት አምስት ግዙፍ ተጫዋቾች ለእሱ ጊዜ ይገዙለታል፣ ለሯጩም መንገድ ይከፍታሉ። እነዚህ አምስቱ የማጥቃት መስመር ይባላሉ፤ ከዚህ በታች ደጋግመን የምንመለሰው ወደ እነሱ ነው።

የኮሌጅ ቡድን በመደበኛው ወቅት የሚጫወተው 12 ጊዜ ብቻ ነው። ፕሪሚየር ሊግ ለሚከታተል ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ 38 ጨዋታ ባለበት ሊግ ሦስት ሽንፈት ይካካሳል፣ እዚህ ግን የውድድር ዘመኑ ሩብ ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ለሚደረገው የቦውል ጨዋታ ለመብቃት በተለምዶ ስድስት ድል ያስፈልጋል። ስለዚህ በሦስት ሽንፈት የጀመረ ቡድን ከቀሩት ዘጠኝ ስድስቱን ማሸነፍ አለበት ማለት ነው። በላይኛው እርከን ግን ነገሩ ላላ ብሏል። ለብሔራዊ ሻምፒዮናው የሚፋለሙት ቡድኖች እስከ 2023 አራት ነበሩ፤ ከ2024 ጀምሮ 12 ሆነዋል። ኖተር ዳም በመራጭ ኮሚቴው የመጨረሻ ሰንጠረዥ 5ኛ ነበር። በቀድሞው ሥርዓት ቢሆን ያቺ አንዲት የሴፕቴምበር ሽንፈት ከውድድሩ ታስቀረው ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለምን ያሳስታሉ

የባለሙያዎቹ ሊግ (ኤንኤፍኤል) ቡድኖች ኦገስት ላይ የሙከራ ጨዋታ ያደርጋሉ። የኮሌጅ ቡድን ግን የመጀመሪያ ተጋጣሚውን የሚያገኘው ውጤቱ በሚመዘገብበት ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ያለው ልምምድ ውሱን ነው፤ በጸደይ 15፣ ከውድድሩ በፊት ደግሞ እስከ 25 ልምምድ። ጃንዋሪ ላይ ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ኳርተርባክ ከአዲሶቹ ባልደረቦቹ ጋር የሚኖረው ጊዜ ይኸው ነው።

አዲስ መጪው ደግሞ በዝቷል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በትምህርቱ የሚጠበቅበትን ያሟላ ተጫዋች የፈለገውን ያህል ጊዜ ትምህርት ቤት ቢቀይር ወዲያውኑ መሰለፍ ይችላል። ለዝውውር የሚመዘገቡበት ሥርዓት ፖርታል ይባላል። በ2025 ደግሞ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለሁሉም ስፖርተኞቻቸው በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቀደ፤ በስምምነቱ የሚመሩት ትምህርት ቤቶች የፉትቦል ቡድንም በ105 ተጫዋች ተወሰነ። የዚህ ሁሉ ውጤት አንድ ቡድን በአንድ ክረምት ውስጥ ግማሽ አሰላለፉን ሊለውጥ መቻሉ ነው። ባለፈው ዓመት የታየው ቡድንና ዘንድሮ ያንኑ ማልያ ለብሶ የሚወጣው ቡድን ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። የፍሎሪዳ ስቴት ደጋፊዎች ሳያስተውሉት የቀሩት ዋናው ነገር ይህ ነበር። በ2023 መደበኛውን ወቅት ሳይሸነፍ ከጨረሰው ቡድን 10 ተጫዋቾች በ2024 የባለሙያዎች ምልመላ ተመርጠው ሄደዋል።

መለዋወጥ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው የማጥቃት መስመሩን ነው። ኳስ ተቀባይ ፈጣን ከሆነ ለብቻውም ይሮጣል። አምስቱ የመስመር ሰዎች ግን አንዱ የያዘውን ተከላካይ ለሌላው እያስተላለፈ፣ ጩኸት በበዛበት ስታዲየም በምልክት እየተግባቡ፣ በአንድ ቅጽበት መነሳት አለባቸው። አንዱ ግማሽ ሰከንድ ከቀደመ ፎልስ ስታርት ተብሎ 5 ያርድ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። አንዱ ዘግይቶ ተከላካዩን በእጁ ጨምድዶ ከያዘ ሆልዲንግ ነው፤ 10 ያርድ። እንዲህ ያለው ቅንጅት በልምምድ ብቻ አይመጣም። በጨዋታ ላይ አብሮ በመቆም ነው የሚገኘው፤ ለዚህ ነው ብዙ ቡድኖች ኦክቶበር ላይ ሌላ መልክ የሚይዙት።

ሦስተኛው ምክንያት የተጋጣሚዎች አለመመጣጠን ነው። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች ለትንንሾቹ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ እየከፈሉ በሜዳቸው እንዲጫወቱ ይጋብዟቸዋል። ኖርዘርን ኢሊኖይም ወደ ኖተር ዳም ከተማ ሳውዝ ቤንድ የሄደው እንዲህ ባለ ውል ነው። ስለዚህ ሦስቱን የመጀመሪያ ጨዋታ ማሸነፍ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሦስቱን መሸነፍም ማን ላይ እንደደረሰ ሳይታይ ሙሉ ፍርድ አይሰጥበትም። ኖተር ዳም በ2025ም በሁለት ሽንፈት ነበር የጀመረው፤ በማያሚ 27 ለ 24፣ በቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም 41 ለ 40። ሁለቱም ብርቱ ቡድኖች ነበሩ፣ የነጥብ ልዩነቱም ተደምሮ 4 ብቻ ነው። የቀሩትን 10 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ።

ደስታም እንዲሁ ያታልላል። ኦገስት 30 ቀን 2025 ፍሎሪዳ ስቴት አላባማን 31 ለ 17 ሲያሸንፍ አንዱ ተነሳ፣ ሌላው ወደቀ ተባለ። ፍሎሪዳ ስቴት ያንን ዓመት በ5 ድልና በ7 ሽንፈት ጨረሰ። አላባማ ግን ተከታታይ ስምንት ጨዋታ አሸንፎ፣ ጆርጂያንም በሜዳው 24 ለ 21 ረትቶ ከ12ቱ ቡድኖች አንዱ ሆነ።

ሰንጠረዡን ማንበብ

ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ የቁጥር ሰንጠረዥ ይወጣል። አብዛኛው ሰው የጠቅላላ ያርዱን ድምር አይቶ ያልፋል፤ ይህ ድምር ግን በጣም አሳሳች ከሆኑት ቁጥሮች አንዱ ነው። 30 ነጥብ እየተመራ መጨረሻ ላይ በተቀያሪዎች ላይ 150 ያርድ የሰበሰበ ቡድን በድምር ሲታይ ደህና የተጫወተ ይመስላል። በመጀመሪያ መታየት ያለበት በአንድ ሙከራ የተገኘው አማካይ ያርድ ነው፤ ጠቅላላውን ያርድ ለሙከራዎቹ ብዛት ማካፈል ብቻ ነው። 6 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ጥቃት ነው፤ ከ5 በታች ሲሆን ችግር አለ። ተጋጣሚውም ስንት እንዳገኘ አብሮ ይታይ። በአንድ ሙከራ አንድ ያርድ መበለጥ በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም በአንድ ጨዋታ ከ65 እስከ 70 ሙከራ ስላለ የሜዳውን ርዝመት ሁለት ሦስተኛ ወደሚያህል ልዩነት ይሰፋል።

ቀጥሎ የሩጫው ቁጥር። እዚህ ላይ የብዙ ሰው ስሌት የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። በኮሌጅ ፉትቦል ኳርተርባኩ ኳሱን ሳይወረውር ሙከራው ከተጀመረበት መስመር ኋላ ተይዞ ሲጣል (ሳክ ይባላል) የጠፋው ያርድ ከሩጫው ላይ ይቀነሳል፤ በባለሙያዎቹ ሊግ ግን የሚቀነሰው ከውርወራው ነው። ለምሳሌ አንድ ቡድን 30 ጊዜ ሮጦ 150 ያርድ አግኝቶ፣ ኳርተርባኩ ደግሞ 4 ጊዜ ተጥሎ 30 ያርድ ቢያጣ ሰንጠረዡ 34 ሩጫ፣ 120 ያርድ ይላል። ያየው ሰው በአንድ ሩጫ 3.5 ያርድ ብሎ ሯጩን ይወቅሳል። ሳኮቹ ሲወጡ ግን ሯጮቹ በአማካይ 5 ያርድ ሮጠዋል። ችግሩ ያለው ውርወራ ላይ በሚደረገው ጥበቃ ወይም ኳሱን ይዞ በሚቆይ ኳርተርባክ ላይ ነው። መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ይህን ማስላት ሁለት ደቂቃ ያስወጣል፣ ብዙ ከንቱ ክርክርም ያስቀራል።

ሦስተኛው የተሳካ ሙከራ ድርሻ ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ከሚያስፈልገው ያርድ ግማሹን፣ በሁለተኛው 70 በመቶውን፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሙሉውን ያገኘ ሙከራ ተሳካ ይባላል። ሁለተኛ ሙከራ ላይ 8 ያርድ ቀርቶ ከሆነ 6 ያርድ ማግኘት ስኬት ነው፣ 5 ግን አይደለም። ጥሩም መጥፎም የማይባል ቡድን ከ40 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ቁጥር የሚጠቅመው አንድ የ80 ያርድ ሩጫ ሌላውን ሁሉ ድክመት እንዳይሸፍንብን ነው። ደጋፊዎች «ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሁልጊዜ እንወድቃለን» የሚሉት ችግርም ምንጩ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው። ቡድኑ በመጀመሪያው ሙከራ 1 ወይም 2 ያርድ እያገኘ ሦስተኛው ላይ 8 እና 9 ያርድ ከቀረው መውደቁ የሚጠበቅ ነው። መታረም ያለበት የመጀመሪያው ሙከራ ነው።

ኳስ መነጠቅ ተለይቶ መታየት አለበት። መሬት ላይ የወደቀ ኳስ፣ ማለትም ፈምብል፣ በማን እጅ እንደሚገባ በረጅም ጊዜ ሲታይ ግማሽ በግማሽ ነው፤ በሦስት ጨዋታ አምስት ጊዜ ጥሎ አምስቱንም ያጣ ቡድን ዕድል ከድታዋለች፣ ይህ አይቀጥልም። ኳሱን ደጋግሞ መጣሉ ግን የራሱ ጥፋት ነው። በተጋጣሚ እጅ የገባ ውርወራም እንዲሁ ይለያያል። ከተቀባዩ እጅ ነጥሮ የተያዘ አንድ ነገር ነው፤ ሦስት ተከላካዮች ወዳሉበት የተወረወረ ሌላ ነው። ይህን ሰንጠረዡ አይለይም፤ የጨዋታውን ቪዲዮ ማየት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ቡድኖች እንመለስ። ቦስተን ኮሌጅ በፍሎሪዳ ስቴት ላይ 263 ያርድ ሮጠ። ፍሎሪዳ ስቴት በ16 ሩጫ ያገኘው 21 ያርድ ነው። ሳኮቹ ተነስተው እንኳ ልዩነቱ አይጠብም። ከዚያ በፊት ደብሊን ላይም ጆርጂያ ቴክ በሩጫ በልጦት ነበር። ማለትም ሁለት የተለያዩ ተጋጣሚዎች በአንድ ቦታ፣ በአንድ መንገድ አሸነፉት፦ በግንባር መስመሩ፣ በማጥቃትም በመከላከልም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሜምፊስ ሲጨመር ነገሩ ተረጋገጠ። ይበልጥ የሚያሳስበው ደግሞ መስመሩ በልምድ የበሰሉ ተጫዋቾች የነበሩበት መሆኑ ነው። ብዙ ጨዋታ የተጫወተ ሰው ሴፕቴምበር ላይ ከተገፋ ኦክቶበር ላይ ሌላ ሰው አይሆንም። በደጋፊው ዘንድ ጣት የተቀሰረው በአብዛኛው በኳርተርባኩ በዲጄ ኡያጋሌሌ ላይ ነበር፤ እሱ ተጎድቶ ሲወጣና ሌሎች ሲተኩት ግን ጥቃቱ አልተሻሻለም። አምስቱ ካልቆሙ ከኋላቸው ማንም ቢቆም አይለውጠውም።

ኖተር ዳምም በኖርዘርን ኢሊኖይ በያርድ በደንብ ተበልጧል፤ ሽንፈቱ የአጋጣሚ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። ሆኖም ሁለት የተለዩ ነገሮች ነበሩ። አንደኛ፣ ከአንድ ሳምንት በፊት ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን በሜዳው 23 ለ 13 አሸንፏል፤ ስለዚህ መጥፎው ቀን የሚነጻጸርበት ጥሩ ቀን ነበረው፣ ያውም በብርቱ ተጋጣሚ ላይ። ሁለተኛ፣ የማጥቃት መስመሩ ጀማሪዎች የበዙበት ነበር፤ የኳርተርባኩን ግራ ጎን የሚጠብቀው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር። እንዲህ ያለ መስመር ሴፕቴምበር ላይ ቢንገዳገድ ይጠበቃል፣ ለመሻሻልም ሰፊ ቦታ አለው። በሚቀጥለው ሳምንት ፐርዱን 66 ለ 7 አሸነፉ። ኳርተርባኩ ራይሊ ሌናርድም ከዱክ የመጣው በዚያው ዓመት ስለነበር ከተቀባዮቹ ጋር የተግባባው ቀስ በቀስ ነው።

በጠባብ ልዩነት መሸነፍ ማጽናኛ ነው?

ብዙ ተንታኞች በአንድ ጥቃት ሊካካስ በሚችል ልዩነት፣ ማለትም በ8 ነጥብና ከዚያ በታች መሸነፍን የዕድል ጉዳይ ያደርጉታል። በአብዛኛው ልክ ናቸው፤ ዓመት ሲቀየር ዕድሉም ይዞራል። ነገር ግን የኔብራስካን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። በ2021 ኔብራስካ 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ዘጠኙም ሽንፈት ከ10 ነጥብ በታች ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ ያስቆጠረው ነጥብ ከተቆጠረበት ይበልጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲው አሰልጣኙን ስኮት ፍሮስትን አቆየ። ኦገስት 27 ቀን 2022 ደብሊን ላይ ኖርዝዌስተርንን 28 ለ 17 እየመራ ሳለ አሰልጣኙ ኳሱን ለራሱ ቡድን መልሶ ለመያዝ አጭር ምት አስመታ። ተጋጣሚው ኳሱን ያዘ፣ ጨዋታው 31 ለ 28 በሽንፈት አለቀ። ሴፕቴምበር 10 ጆርጂያ ሳውዘርን በኔብራስካ ሜዳ በሊንከን 642 ያርድ ገፍቶ 45 ለ 42 አሸነፈ።

በጠባብ ልዩነት የተሸነፈ ቡድን ሲታይ የሚጠየቀው ጥያቄ መጨረሻው በምን ተወሰነ የሚለው ነው። አንድ ሳምንት በነጠረ ኳስ፣ ሌላ ሳምንት በ50 ያርድ ምት፣ ሦስተኛው ሳምንት በዳኛ ውሳኔ ከሆነ ዕድል ነው። በየሳምንቱ የምት ክፍሉ እየተሳሳተ፣ በየሳምንቱ በጨዋታው የመጨረሻ (አራተኛ) ሩብ ላይ ቅጣት እየበዛ፣ በየሳምንቱ የሰዓት አያያዙ እየተበላሸ ከሆነ ግን ያ የአሰለጣጠን ጉድለት ነው፤ በራሱ አይጠፋም።

አሰልጣኙ ይነሳ ሲባል፦ ገንዘቡና የቀን መቁጠሪያው

በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ አበሾች በቅርብ የሚያውቁት ምሳሌ ቨርጂኒያ ቴክ ነው። ከአሌክሳንድሪያና ከስፕሪንግፊልድ ብዙ ልጆች አራት ሰዓት ያህል ተነድቶ ወደሚደረስባት ብላክስበርግ ለትምህርት ይሄዳሉ። በ2025 ቡድኑ አትላንታ ላይ በሳውዝ ካሮላይና 24 ለ 11 ተሸነፈ። ይህ ገና አያስደነግጥም፤ ተጋጣሚው ጠንካራ ነበር፣ ልዩነቱንም ያሰፋው በምት መልስ የገባ ታችዳውን ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቫንደርቢልትን 20 ለ 10 እየመራ ለእረፍት ወጣ፤ ከእረፍት በኋላ አንድም ነጥብ ሳያገባ 34 ተቆጥሮበት 44 ለ 20 ተሸነፈ። ትልቁ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይህ ነበር። በእረፍቱ ተጋጣሚው ስልቱን ቀይሮ ሲመጣ የራስ አሰልጣኞች መልስ ካጡ፣ ወይም ተጫዋቾቹ ጉልበት ከከዳቸው ሦስተኛው ሩብ ላይ ይጋለጣል። ከዚያ ኦልድ ዶሚንየን በሜዳቸው 45 ለ 26 ረታቸው። በማግስቱ፣ ሴፕቴምበር 14፣ አራተኛ ዓመቱን የያዘው አሰልጣኝ ብሬንት ፕራይ ተሰናበተ። የሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ዩሲኤልኤም በዚያው ዕለት አሰልጣኙን ዴሾን ፎስተርን አሰናብቷል።

ገና በሦስተኛው ጨዋታ ማሰናበት ችኮላ ይመስላል። ምክንያቱ የቀን መቁጠሪያው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፊርማቸውን የሚያኖሩት በዲሴምበር የመጀመሪያ ሳምንት ነው። የዝውውር ፖርታሉ የሚከፈተው ጃንዋሪ 2 ሆኖ እስከ 16 ይቆያል። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ አሰልጣኝ መፈለግ የጀመረ ትምህርት ቤት ሁለቱንም ቀጠሮ ያለ መሪ ሊጋፈጥ ነው። ቀድሞ ያሰናበተ ደግሞ ሌላ ዋጋ ይከፍላል፤ በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ አሰልጣኙ ሲነሳ ተጫዋቾቹ ወዲያውኑ ለ30 ቀን የመልቀቅ መብት ያገኙ ነበር። ይህ በኦክቶበር 2025 ተቀይሮ አዲስ አሰልጣኝ ከተቀጠረ ከአምስት ቀን በኋላ የሚጀምር የ15 ቀን ጊዜ ሆኗል። ለመምጣት ቃል የገቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም በእነዚህ ሳምንታት ቃላቸውን ያጥፋሉ።

ከቀኑ እኩል የሚመዝነው የውል ማፍረሻው ነው። የፍሮስት ውል ኦክቶበር 1 ቢደርስ ካሳውን ከ15 ሚሊዮን ወደ 7.5 ሚሊዮን ዶላር የሚያወርድ አንቀጽ ነበረው። ኔብራስካ ግን ሴፕቴምበር 11 ላይ አሰናበተው። ለሃያ ቀን 7.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ ማለት ነው። «ለምን ዝም ይላሉ?» የሚል ደጋፊ በመጀመሪያ የሚያየው ይህን ቀን ቢሆን ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ሁለተኛው መታየት ያለበት አንቀጽ የተሰናበተው ሰው ሌላ ሥራ ሲያገኝ ካሳው ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም የሚለው ነው። ፔን ስቴት አሰልጣኙን ጄምስ ፍራንክሊንን ኦክቶበር 12 ቀን 2025 ሲያሰናብት ዕዳው 49 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ኖቬምበር ላይ ቨርጂኒያ ቴክ ሲቀጥረው በስምምነት ወደ 9 ሚሊዮን ወረደ።

ቨርጂኒያ ቴክ ያንን ዓመት 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። በሴፕቴምበር መጨረሻ የአስተዳደር ቦርዱ ለስፖርት ክፍሉ በአራት ዓመት 229 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተጨማሪ በጀት የሚያስገኝ ዕቅድ አጽድቋል። ለወላጆች አንድ ነገር እናስታውስ፦ በቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪው በየሴሚስተሩ ከሚከፍለው የግዴታ ክፍያ ውስጥ የስፖርት ክፍል ድርሻ አለ። ልጅዎ ጨዋታ ባያይም ይከፍላል። መጠኑ በየዩኒቨርሲቲው የክፍያ ዝርዝር ላይ ተለይቶ ስለሚጻፍ ሒሳቡ ሲመጣ ሊታይ ይገባል።

አራተኛው ጨዋታ ላይ ምን ይታይ

አንድ ተማሪ አምስት ዓመት ውስጥ አራት የውድድር ዘመን መጫወት ይችላል የሚለው ደንብ እስካለ ድረስ አራተኛው ጨዋታ ልዩ ትርጉም አለው። በዓመቱ ከአራት ጨዋታ ያልበለጠ የተሰለፈ ተጫዋች ያ ዓመት አይቆጠርበትም፤ ሬድሸርት ይባላል። ስለዚህ ቡድኑ ሲንገዳገድ ከአምስተኛው ጨዋታ በፊት የአሰላለፍ ዝርዝሩን ማየት ከየትኛውም መግለጫ በላይ ያስረዳል። ጤነኛ የሆነ፣ አራት ጊዜ የተሰለፈ ጎበዝ ድንገት ከጠፋ ዓመቱን ቆጥቦ ሊሄድ ነው። ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ከታዩ ተጫዋቾቹ በቡድኑ ተስፋ ቆርጠዋል ማለት ነው። በተቃራኒው የአንደኛ ዓመት ልጆች አምስተኛ ጨዋታቸውን ከጀመሩ፣ በተለይም በማጥቃት መስመሩ ላይ፣ አሰልጣኙ ዓመታቸውን ለመክፈል ቆርጧል። ከዚያ ወዲያ ለሦስት ሳምንት ሦስት ነገር መቁጠር ይበቃል፦ እነዚያው አምስቱ በተከታታይ ተሰልፈዋል ወይ፣ የፎልስ ስታርት ቅጣት ቀንሷል ወይ፣ በመጀመሪያው ሙከራ የሚገኘው ያርድ ጨምሯል ወይ። ሦስቱም ወደ መልካም እየሄዱ ቡድኑ ቢሸነፍ እንኳ ትዕግሥት ያዋጣል። ሦስቱም ባሉበት ከቆሙ ደግሞ ኳርተርባኩ በየሳምንቱ ቢቀያየር ለውጥ አይመጣም።